ቃለ ጉባኤ

ዓርብ ነው፤ ሻርጃ ነን፣ ከጎማ ቤት በላይ፤
ኤሲው ያንጠባጥባል በባልዲው አፍ ላይ።
የተገኙ አባላት፦ ሰብሳቢዋ አስካለ፣
ምክትሏ ነጃት፣ እኔ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዥ የለ።
ቀርቷል፤ አሠሪው ጠርቶት ድንገት፤
የሚያዝ ገንዘብ ስለሌለ ማንም አላጣው ለአንድ ሰዓት።

አጀንዳ አንድ። ቅጽ መጥቷል፣ ከሩቅ፣ መሞላት ያለበት፣
እስከ እኩለ ሌሊት።
«ኪነትና መንፈስ በምን ይገናኛሉ?
ተጠቃሚዎቹስ ስንት ናቸው? ምን ያህል ተለውጠዋል ይላሉ?»
ለመልሱ የተሰጠን መስመር ሁለት ነው።
አስካለ መነጽሯን አወለቀችና ቅጹን «ኧረ ተው!» አለችው።

አስካለ፣ አባቷ ደብተራ፣ የሥዕል ቀለም በጥባጭ፤
እሷ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ዳይፐር ለዋጭ።
«ፊት ይሳል» ትላለች፤ «ዓይኑ ጎልቶ ይታይ፤
ጸሎት በየት ይግባ፣ ሠዓሊው በር ካልተወ ግድግዳው ላይ?»

ነጃት የወሎ ልጅ፣ የአያቷን መንዙማ እንደ ስልክ ቁጥር የምታውቅ፣
«ፊት መሥራት የእሱ ነው፤ እኛ ሐረግ እንሳብ፣ ፊደል እናርቅቅ።
ሰው ዓይን ዓይኑን ሲያየው ሥዕል ይኮራል፤
ሐረግ ግን እየዞረ፣ እየዞረ፣ ስሙን ይጠራል።»

ሦስት ዓርብ ሆነው ይኸ ክርክር። ተጣልተው ግን አያውቁም፤
በረመዳን አስካለ፣ በሁዳዴ ነጃት፣ ተደብቀው እንጂ አይቀምሱም።
እኔ እጽፋለሁ። የታክሲ ሹፌር ነኝ፣ እጄ መሪ የለመደ፤
«መንፈስ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ብዕሩ ወደ ጎን ሄደ።

አጀንዳ ሁለት ሳይነሣ በሩ ተንኳኳ።
ዙፋን ናት።
ከአጅማን፣ በአውቶቡስ፣ ቆማ፣ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ወስዳ፤
በረኪና የበላው ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጋርዳ።
የበረኪናው ሽታ ደረቷ ገብቷል፣ ከከረመ ሰነበተ፤
ቁጭ አለች፣ ትስላለች፤ ወንበሩ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።
እኔም መዝገቤ ላይ «ትስላለች» ብዬ ጻፍኩ፤
የትኛውን እንደሆነ፣ እንጃ፣ አላብራራሁ።

ከቦርሳዋ ካርቶን አወጣች፤ ከላውንደሪ የመጣ፣
ከሸሚዝ ሆድ ውስጥ የወጣ።
ቀለሙ እርድና ኩል፣ የተረፈ ሻይ በትንሽ በትንሹ።
ሴት ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ መስኮት ትወለውላለች፤ አርባኛ ፎቅ መሰለኝ፣
ባሕሩ ከሥሯ ቢጫ ነው፣ የምሳ ሰዓት ባሕር፣ ዓይን የሚወጋ።
ግማሽ ፊቷ መስታወቱ ላይ አለ፤ አንድ ዓይን፣ ትልቅ፣ ጎላ ያለ፤
ጨርቁ ያለፈበት ግማሽ ግን የሳሙና ሐረግ ሆኖ ዞሮ ዞሮ ቀረ፣ ፊትም የለ።

«ማናት?» አለች አስካለ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
«መስኮቱ ነው» አለች ዙፋን። «ማዳም ‹አልጸዳም› ብላ
ሦስቴ አሳጠበችኝ፣ አንድ ጠዋት፣ ገና ሳይነጋጋ።
በሦስተኛው አየኋት።»
«ማንን?»

ሳለች።

ነጃት ባልዲውን በእግሯ ገፋ አደረገችው፣ ሳታስበው፤
ጠብታው ወለሉን መታ፤ ማንም አልቆጠረው።
«ስለት ነው?» አለች አስካለ፤ «ተስለሽ ነው እንዴ?»
«ተስዬ ነው፤ የማንን ስም እንደምጠራ ግን ጨነቀኝ፣ እቴ።»
ሰዓቷን አየችና ተነሣች። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ተወችው፤
የደረጃውን ሳል እስከ ታች ድረስ፣ እስከ ጎማ ቤቱ፣ ሰማነው።

ማታ ወደ ቅጹ ተመለስን።
«ተጠቃሚ፣ አንድ» አለች ነጃት።
«አራት» አለች አስካለ፤ «እኛስ አላየንም?»
«ምን ያህል ተለውጠዋል» የሚለውን ባዶ ተውነው፤ አላወቅንም።
ሁለቱ መስመር ላይ፣ ኪነትና መንፈስ በሚለው፣
አስካለ ብዕሬን ተቀብላ «ሳል» ብላ ሞላችው።
ሁለት ፊደል። ቦታ ተረፈ።
ነጃት አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው፤ ከዚያ ፈረመች፤
ስለ ፊት ግን ሐሳቧን እንዳልቀየረች መዝገብ ላይ አስያዘች።

ውሳኔ፦ ሥዕሉ ውኃ ከማይደርስበት ግድግዳ ይሰቀል።
ለዙፋን ሽሮፕ ይገዛል፤ አሥራ ስምንት ድርሃም፤
ከእኔ ኪስ ነው፣ አይመለስም።
ስብሰባው ተዘጋ።
ባልዲውን እኔ ደፋሁት።